ትራክ ሁለት ዲፕሎማሲ፦ በግጭት፣ በኃይልና በአዳዲስ ቴክኖሎጂ ዙሪያ ስለሚካሄዱ መደበኛ ያልሆኑ ምክክሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች፣ መንግሥታት በይፋ ከሚያካሂዱት ድርድር ጎን ለጎን ምሁራን፣ ጡረታ የወጡ አምባሳደሮችና መኮንኖች፣ መሐንዲሶችና የሃይማኖት ሰዎች ስለሚያደርጉት ምክክር ናቸው። በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትራክ ሁለት ዲፕሎማሲ ምንድን ነው?

በመንግሥታት ተወካዮች መካከል በይፋ የሚካሄደው ድርድር ትራክ አንድ ይባላል። ትራክ ሁለት ደግሞ መንግሥታቸውን የማይወክሉ፣ ነገር ግን በሀገራቸው ቃላቸው የሚደመጥ ሰዎች በግል ስማቸው ተገናኝተው ሀገሮቻቸውን ስላቃቃረው ጉዳይ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ስያሜውን በ1981 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ሞንትቪል የተባለ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። ባለሥልጣናት «በግል አቋማቸው» ብቻ ተገኝተው ከምሁራን ጋር የሚቀመጡበት መድረክም አለ፤ ይህኛው ትራክ አንድ ተኩል ይባላል። አንድ ምክትል ሚኒስትር ሥልጣኑን በሩ ላይ ሰቅሎ ይገባል ማለት ለማመን ቢያስቸግርም፣ ይህን ማስመሰል ሁሉም የሚቀበሉት የጋራ ጨዋነት ሆኗል።

ትራክ ሁለት ድርድር አይደለም። ተሳታፊዎቹ የሚፈርሙት ውል፣ የሚለቁት መሬት፣ የሚያነሡት ማዕቀብ የለም። ያላቸው ጊዜና ነፃነት ነው። አንድ አምባሳደር «እንዲህ ብናደርግስ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ራሱ የመንግሥቱ አቋም ለውጥ ተደርጎ ይመዘገባል፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን ያንኑ ጥያቄ አንሥቶ፣ መልሱን ሰምቶ፣ የማያዋጣ ሆኖ ካገኘው ማንንም ሳያሳፍር ሊተወው ይችላል።

አሠራሩ ከየት መጣ?

ሥራው ከስሙ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። በ1955 በርትራንድ ራስልና አልበርት አንስታይን ከሌሎች ዘጠኝ ምሁራን ጋር ሆነው የሃይድሮጂን ቦምብ በሰው ዘር ላይ የደቀነውን አደጋ የሚያስጠነቅቅ መግለጫ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይረስ ኢተን የተባለ ባለ ሀብት ወጪውን ሸፍኖ፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከሌሎች ሀገሮች የተውጣጡ 22 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች፣ በትውልድ መንደሩ በካናዳዋ ፑግዋሽ ተሰበሰቡ። እንቅስቃሴውም የመንደሯን ስም ይዞ ቀረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጆሴፍ ሮትብላት የአቶሚክ ቦምብ ከተሠራበት የማንሃታን ፕሮጀክት በኅሊና ምክንያት የወጣ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን፣ በ1995 እርሱና የፑግዋሽ እንቅስቃሴ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፍለዋል።

የፑግዋሽ ሰዎች ጥንካሬ፣ የፖለቲካ ወዳጅነት ሳይኖራቸው በሁለቱም ወገን ያው የሆነውን ፊዚክስ ይዘው መግባታቸው ነበር። በሥልሳዎቹ መጀመሪያ ትልቁ ጥያቄ ከመሬት በታች የሚካሄድ የኒውክሌር ሙከራ ከተፈጥሮ የመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት ይለያል የሚል ነበር። በ1962 የሁለቱ ኃያላን ሳይንቲስቶች ሰው የማይጠብቃቸው፣ የታሸጉ የመለኪያ ጣቢያዎች እንዲተከሉ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡም ወደ መንግሥታቱ ድርድር ገባ። መንግሥታቱ ግን በቁጥጥሩ ላይ መስማማት ስላልቻሉ በ1963 በሞስኮ የተፈረመው ስምምነት በከባቢ አየር፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ የሚደረገውን ሙከራ ከልክሎ የከርሰ ምድሩን ተወው።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚደንቀው ክፍል የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ብዙ የዋሽንግተን ፖለቲከኞች ሶቪየቶች በግዛታቸው ተቆጣጣሪ ፈጽሞ አያስገቡም ብለው በሚከራከሩበት ሰዓት፣ አንድ የአሜሪካ መንግሥታዊ ያልሆነ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1986 ከሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ጋር ተፈራረመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም የአሜሪካ ሳይንቲስቶች በካዛክስታን፣ ከሴሚፓላቲንስክ የኒውክሌር መሞከሪያ ሥፍራ ብዙም ሳይርቁ፣ የመሬት ነውጥ መለኪያ መሣሪያዎቻቸውን ተከሉ። ከዚያ በኋላ «ቁጥጥር አይቻልም» የሚለው ክርክር እንደ ቀድሞው ሊነገር አልቻለም። ትራክ ሁለት በጎ ስሜት ከመፍጠር አልፎ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ያልበለጡ ሰዎች ከሁለቱም ሀገር ርቆ በሚገኝ ቦታ ለጥቂት ቀናት አብረው ይቆያሉ። የሚታወቀው ሕግ የቻታም ሐውስ ደንብ የሚባለው ነው፤ በ1927 በለንደን የወጣው ይህ ደንብ ተሳታፊዎች የሰሙትን እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል፤ የተናጋሪውን ማንነትና የሥራ ቦታ መግለጥን ግን ይከለክላል። በአንዳንድ ምክክሮች ስብሰባው መካሄዱ እንኳ አይነገርም።

ሰዎች የማይገምቱት ነገር የስብሰባው አሰልቺነት ነው። የመጀመሪያው ቀን የሚያልቀው እያንዳንዱ ወገን የሀገሩን አቋም ጋዜጣ ላይ እንደተጻፈው ሲያሰማ ነው። የሚጠቅመው ክፍል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ አንዱ ወገን የሌላውን ስጋት ባለቤቱ በሚያውቀው መልኩ መልሶ መግለጽ ሲችል ነው። ጆን በርተን የተባለው አውስትራሊያዊ ምሁር በ1965 እና 1966 ከኢንዶኔዥያ፣ ከማሌዥያና ከሲንጋፖር የመጡ ሰዎችን በለንደን አቀማምጦ የሞከረው፣ ኋላም የሃርቫርዱ ኸርበርት ኬልማን በእስራኤላውያንና በፍልስጤማውያን መካከል ለዓመታት የሠራበት ዘዴ ይህ ነው፦ አቋምን ከመከራከር በፊት ከአቋሙ ሥር ያለውን ፍርሃት መመርመር።

ጦርነት ያስቆመበት ጊዜ አለ?

ብቻውን ያስቆመበት ጊዜ የለም፤ ለማስቆም ወሳኝ የሆነበት ጊዜ ግን አለ። ከሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው የሞዛምቢክ ሰላም ነው። ሳንት ኤጂዲዮ የተባለ መቀመጫው ሮም የሆነ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ከ1990 ጀምሮ የፍሬሊሞን መንግሥትና የሬናሞን አማፅያን አቀራርቦ ከሁለት ዓመት በላይ ካነጋገራቸው በኋላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1992 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ማኅበሩ ጦርም ገንዘብም አልነበረውም። ሆኖም ከመጀመሪያው የጣሊያን መንግሥት ድጋፍ ነበረው፤ ከፊርማው በኋላ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ገባ። ይህ መደጋገፍ ባይኖር ኖሮ ስምምነቱ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም።

በታጂኪስታን የርስ በርስ ጦርነት ወቅትም ከ1960 ጀምሮ አሜሪካውያንንና ሶቪየቶችን ያገናኝ ከነበረው የዳርትማውዝ ጉባኤ የወጡ ሰዎች በ1993 የታጂኮችን ምክክር ጀመሩ። ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ኋላ በይፋው ድርድር ተቀምጠዋል፤ ስምምነቱም በ1997 ተፈርሟል።

ኦስሎ ደግሞ የተለየ ምዕራፍ ነው። በጃንዋሪ 1993 ያይር ሂርሽፌልድና ሮን ፑንዳክ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን የታሪክ ምሁራን በኖርዌይ ሳርፕስቦርግ ከፍልስጤሙ አሕመድ ቁረይ ጋር ሲገናኙ መንግሥታቸው «አላውቃቸውም» ሊል ይችል ነበር፤ እስራኤላውያን ከፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ጋር እንዳይገናኙ የሚከለክለው ሕግ የተሻረው በዚያው ሰሞን ነው። በሜይ ወር ግን የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ኡሪ ሳቪር ሲቀላቀል ምክክሩ ድርድር ሆነ፤ በሴፕቴምበር 13 ቀንም በዋይት ሐውስ ግቢ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። የኢየሩሳሌም፣ የስደተኞች፣ የሰፈራና የድንበር ጉዳዮች ለኋላ ተላለፉ፤ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1995 ተገደሉ። ብዙዎች ኦስሎን ለትራክ ሁለት ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ሌሎች ደግሞ ለማውገዣ ይጠቀሙበታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ምስጢራዊው መንገድ የመሪዎችን እጅ ለማጨባበጥ በቅቶ ነበር፤ በሁለቱም ሕዝብ መካከል ስምምነቱን የሚሸከም ወገን ለማዘጋጀት ግን አልታሰበም።

በኢትዮጵያ ጉዳይ ተሞክሮ ያውቃል?

አዎን። በ1982 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መግቢያ፣ ዘመን በተለወጠበት ሰሞን፣ ከሥልጣን ከወረዱ ስምንት ዓመት ያለፋቸው ጂሚ ካርተር የደርግን መንግሥትና ሻዕቢያን በአትላንታ በሚገኘው ማእከላቸው አገናኙ። የመንግሥቱን ልዑክ አቶ አሻግሬ ይግለጡ፣ የሻዕቢያን ልዑክ አል-አሚን መሐመድ ሰዒድ ይመሩ ነበር። በኅዳር ወር በናይሮቢ ሲቀጥል የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬም ከካርተር ጎን ቆሙ። ውይይቱ ከመነሻው ጀምሮ በሥነ ሥርዓት ጉዳዮች፣ በተለይም ታዛቢ ማን ይሁን በሚለው ላይ ተጠመደ፤ ወደ ዋናው ጉዳይም ሳይገባ ቆመ። ካርተር የግል ሰው ስለነበሩ ሁለቱም ወገኖች ክብራቸው ሳይነካ መቅረብ ችለዋል፤ በዚያው ልክ ግን እምቢ ያለውን ወገን የሚያስገድዱበት አቅም አልነበራቸውም። ከሁሉ በላይ ሁለቱም ወገን ጉዳዩ የሚወሰነው በጦር ሜዳ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚያው በ1982 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገብታለች። በሮም በጣሊያን አስተናጋጅነት በመንግሥትና በሕወሓት መካከል የተደረገው ንግግርም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም።

ሌላው የሚጠቀሰው በ1999 ዓ.ም. በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የተመራው የሽማግሌዎች ቡድን የታሰሩትን የቅንጅት መሪዎች ለማስፈታት ያደረገው ጥረት ነው። የ2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ግን በአፍሪካ ኅብረት የተመራ ይፋ ድርድር ስለሆነ ከዚህ ጎራ አይመደብም።

ታዲያ ከሽምግልና በምን ይለያል?

ሽማግሌ ይፈርዳል፣ ይገሥጻል፣ ካሣ ይወስናል፣ እምቢ ያለውን በእግዚአብሔርና በሕዝብ ፊት ያሳፍራል። የትራክ ሁለት አወያይ ግን ማን አጠፋ የሚለውን ጥያቄ ሆን ብሎ ይተወዋል፤ ሥራው ተቀናቃኞቹ ራሳቸው መፍትሔ እንዲያፈልቁ ክፍሉን ማመቻቸት ነው። በዚህ የተነሣ ለኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች አወያዩ ብዙ ጊዜ ደካማ መስሎ ይታያል፤ «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣበታል።

የኃይልና የውሃ ጉዳዮች ለምን ለዚህ ዓይነቱ ምክክር ይመቻሉ?

በከፊል ቁጥር ስላላቸው ነው። ስለ ክብርና ስለ ታሪክ የሚከራከሩ ሰዎች የሚታረቁበት መሐል መንገድ ላይኖር ይችላል፤ ስለ ሜትር ኪዩብ፣ ስለ ሜጋዋትና ስለ ዩራኒየም ማበልጸጊያ መጠን የሚከራከሩ ግን በአምስትና በሰባት መካከል ስድስት መኖሩን ያውቃሉ።

ሕንድና ፓኪስታን ከተለያዩ በኋላ በኢንደስ ወንዝ ውሃ ተፋጥጠው በነበረበት በ1951፣ ዴቪድ ሊሊየንታል ሁለቱን ሀገሮች በግል ጎበኘ። ሰውየው ቀደም ሲል የአሜሪካን የቴነሲ ሸለቆ ልማትና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የመራ ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ በአንድ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ወንዙ ከፖለቲካ ወጥቶ እንደ አንድ የምህንድስና ሥራ በዓለም ባንክ ድጋፍ በጋራ እንዲለማ ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፉን ያነበቡት የባንኩ ፕሬዚዳንት ዩጂን ብላክ ለሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ጻፉ፤ ዘጠኝ ዓመት ከፈጀ ድርድር በኋላ ስምምነቱ በ1960 በካራቺ ተፈረመ። የመጨረሻው ውል ሊሊየንታል ካሰበው የተለየ ነበር፤ ወንዞቹን በጋራ ከማልማት ይልቅ ምሥራቃውያኑን ሦስቱን ለሕንድ፣ ምዕራባውያኑን ሦስቱን ለፓኪስታን አካፈለ። ያም ሆኖ ሕንድ በኤፕሪል 2025 ውሉን ለጊዜው አግጃለሁ እስካለችበት ቀን ድረስ በጦርነቶች መካከል ሳይቋረጥ ቆይቷል።

የኢራን ኒውክሌር ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከ2002 ጀምሮ ዊሊያም ሉርስና ቶማስ ፒከሪንግን የመሳሰሉ የቀድሞ አሜሪካውያን ዲፕሎማቶች በአውሮፓ ከኢራናውያን ጋር ይገናኙ ነበር፤ በ2008ም በኢራን ምድር በብዙ ሀገሮች ባለቤትነት የሚመራ የዩራኒየም ማበልጸጊያ እንዲቋቋም በይፋ ሐሳብ አቀረቡ። ያ ሐሳብ እንዳለ አልተወሰደም። ነገር ግን «አንድም ማበልጸጊያ አይኑር» ከሚለው አቋም ወደ «ምን ያህልና በምን ቁጥጥር?» ወደሚለው ጥያቄ መሸጋገሩን በአሜሪካ ውስጥ የሚታሰብ ነገር ካደረጉት ወገኖች መካከል እነዚህ ሰዎች ይገኙበታል። ኢራን ከኃያላን መንግሥታት ጋር የደረሰችበት የ2015ቱ ስምምነት ማበልጸጉን በ3.67 በመቶ፣ ክምችቱን በ300 ኪሎ ግራም ገድቦ ነበር። በ2018 አሜሪካ ከስምምነቱ ወጣች፤ በጁን 2025 እስራኤልና አሜሪካ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት በቦምብ መቱ። የዓመታት የቴክኒክ ሥራ የአንድ መሪ ፊርማ ሲነሣበት የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

በዓባይ ጉዳይስ?

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስታውሱት ጥሩ ጅማሬ ነበር። ከ1993 ጀምሮ «ናይል 2002» የተሰኙ ጉባኤዎች በተፋሰሱ ሀገሮች እየተዘዋወሩ ይካሄዱ ነበር፤ የመጀመሪያው በአስዋን፣ የ1997ቱ ደግሞ በአዲስ አበባ ተደርጓል። ባለሙያዎችና ባለሥልጣናት በግል አቋማቸው ተገናኝተው ስለ ውሃው መረጃ መለዋወጥ የጀመሩበት መድረክ ይህ ነበር። በ1999 በዳሬሰላም የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ሲመሠረት ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በዚሁ ምክንያት ነው። በ2010 ለፊርማ የቀረበው የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ከብዙ ጥበቃ በኋላ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ውሏል፤ ግብፅና ሱዳን ግን አልፈረሙትም።

ከኅዳሴው ግድብ ግንባታ መጀመር በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በጁን 2013 ግድቡን ያጠናው የዓለም አቀፉ የባለሙያዎች ቡድን ሪፖርት በቀረበ ሰሞን የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙርሲ የሀገራቸውን ፖለቲከኞች ሰብስበው ሲያወያዩ፣ በቀጥታ ሥርጭት መተላለፉን ያላወቁ ተሰብሳቢዎች ግድቡን ስለማሰናከልና አማፅያንን ስለማስታጠቅ ሲመክሩ ዓለም ሁሉ ሰማ። በር ተዘግቶ በጠላት ላይ የሚዶለተውና በር ተዘግቶ ከጠላት ጋር የሚመከረው ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚያ ምሽት የበለጠ ያሳየ የለም።

በ2014 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ዙሪያ 17 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ባዘጋጀው ምክክር፣ የኅዳሴውና የአስዋን ግድቦች አሠራር እንዲቀናጅ፣ ለሚመነጨው ኃይል የሽያጭ ውልና የማስተላለፊያ መስመር ከወዲሁ እንዲታሰብ፣ ከዋናው ግድብ ጎን ያለው ረዳት ግድብ (ኮርቻ ግድቡ) በጥንቃቄ እንዲታይ ተመከረ። በኢትዮጵያ በኩል ሪፖርቱ ትችት ገጥሞታል። ይዘቱ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢኖረው ከሦስቱ ሀገሮች ሰዎች ውጭ መሠራቱ ባለቤት አሳጥቶታል። ይህን ጉድለት የሚሞላ የሚመስለው በሜይ 2018 ሦስቱ መንግሥታት የተስማሙበት፣ ከእያንዳንዱ ሀገር አምስት አምስት ሆነው 15 ሳይንቲስቶች የተካተቱበት ገለልተኛ የምርምር ቡድን ነበር። አወቃቀሩ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በ2019 መገባደጃ ድርድሩ ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ የአሜሪካ ግምጃ ቤትና የዓለም ባንክ ሲቀመጡበት፣ ከዚያም ጉዳዩ በ2020 እና በ2021 በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ፣ ሳይንቲስቶቹ ወደ ዳር ወጡ።

የምሁራኑም ድርሻ መነሣት አለበት። በአዲስ አበባም፣ በካይሮም፣ በዋሽንግተን ባሉ ሁለቱ ዳያስፖራዎች መካከልም፣ ስለ ዓባይ የሚጽፉና በቴሌቪዥን የሚቀርቡ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የሀገራቸው ጠበቃ ሆነው ቀርበዋል። ጥብቅና ክብር ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትላንት ማታ በቴሌቪዥን የሌላውን ወገን ጥናት «ሐሰት» ያለ የውሃ መሐንዲስ ዛሬ ጠዋት ከዚያው አጥኚ ጋር ስለ ድርቅ ዓመታት የውሃ አለቃቀቅ ቀመር ሊሠራ አይችልም። በድርቅ ዓመታት ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ከተመረቀም በኋላ ስምምነት ያልተገኘለት ነው። ሰማይ ዝናቡን በሚነፍግበት ዓመት ሦስቱ መንግሥታት በችኮላ የሚፈልጉት ወረቀት ይኸው ነውና፣ አሁን ዝናቡ ደህና ሳለ ሦስቱም ወገን የሚያምኗቸው መሐንዲሶች ቢያዘጋጁት ይሻላል።

የ2014ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ቡድን ወደ ካይሮ መሄዱስ?

በአፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የተመራው ያ ጉዞም ሆነ ከዚያ በፊት በ2011 ወደ አዲስ አበባ የመጣው የግብፃውያን ቡድን የሕዝብ ዲፕሎማሲ ነበሩ፤ ዓላማቸው በካሜራ ፊት መልካም ገጽታ ማሳየትና መተማመንን መፍጠር ነው። ትራክ ሁለት ካሜራ ይሸሻል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይተካኩም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዙሪያ የሚደረጉ ምክክሮች ምን ላይ ደርሰዋል?

በአሁኑ ጊዜ ትራክ ሁለት በብዛት የሚሠራበት መስክ ይህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዕውቀቱ ያለው በኩባንያዎችና በዩኒቨርሲቲዎች እጅ ስለሆነ መንግሥታት ያለ እነዚህ ሰዎች ስለ ጉዳዩ መነጋገር አይችሉም። የአሜሪካው የጥናት ተቋም ብሩኪንግስና የቻይናው ቺንህዋ ዩኒቨርሲቲ ከ2019 ጀምሮ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ብሔራዊ ደኅንነት ሲመክሩ ቆይተዋል፤ በአሜሪካ በኩል ጡረተኛው ጄኔራል ጆን አለን፣ በቻይና በኩል የቀድሞዋ ምክትል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፉ ዪንግ ነበሩ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ዮሹዋ ቤንጂዮ፣ ስቱዋርት ራስልና ቻይናዊው አንድሩ ያዎ ያሉበት የሳይንቲስቶች ምክክር በእንግሊዝ፣ በቤይጂንግና በቬኒስ ተካሂዶ፣ መሻገር የሌለባቸውን ቀይ መስመሮች የሚዘረዝሩ የጋራ መግለጫዎች ወጥተዋል።

ይፋው መንገድ ከኋላ ተከትሏል። በኖቬምበር 2023 በእንግሊዝ ብሌችሊ ፓርክ 28 ሀገሮችና የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካንና ቻይናን ጨምሮ፣ በጋራ መግለጫ ተስማሙ። በሜይ 2024 የሁለቱ ኃያላን መንግሥታት ተወካዮች በጄኔቫ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ተነጋገሩ፤ በኖቬምበር 2024 ደግሞ ባይደንና ሺ ጂንፒንግ በሊማ ተገናኝተው ኒውክሌር መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንዲቆይ አረጋገጡ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀደም ብላ በምሁራን ጽሑፎችና ምክክሮች ለዓመታት ስትነሣ የነበረች ናት፤ መሪዎቹ ሲገናኙ ከባዶ መጀመር አላስፈለጋቸውም።

ከኒውክሌሩ ዘመን ጋር ማወዳደር ግን ገደብ አለው። የኒውክሌር ሙከራ መሬት ያንቀጠቅጣል፤ መለኪያውም ይመዘግበዋል። አንድ ድርጅት በመጋዘን ውስጥ ምን ዓይነት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል እንደሚያሠለጥን የሚመዘግብ ተመሳሳይ መሣሪያ ግን የለም። አንዳንድ ባለሙያዎች የሚያነሡት መፍትሔ ከኃይል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዳታ ማእከላት የሚውጡት ኤሌክትሪክ በቀላሉ አይደበቅምና። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እነዚህ ማእከላት በ2024 የተጠቀሙት ኃይል 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል፣ ማለትም ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። በኢትዮጵያም የክሪፕቶ ገንዘብ አምራቾች ከውሃ የሚመነጨውን ርካሽ ኤሌክትሪክ ፍለጋ መምጣታቸው፣ የኃይልና የቴክኖሎጂ ጥያቄዎች ተለያይተው እንደማይኖሩ አሳይቷል።

ራሳቸውን ችለው ዒላማ ስለሚመርጡ የጦር መሣሪያዎች ግን ንግግሩ ከ2014 ጀምሮ በጄኔቫ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ ቢካሄድም እጅግ ዘገምተኛ ነው። በዚያ መድረክ ውሳኔ የሚያልፈው በሁሉም ስምምነት ስለሆነ አንድ ሀገር ብቻውን ሊያግደው ይችላል።

የሙኒክ ጉባኤ፣ የሻንግሪላ ምክክርና የጣና ፎረም ከዚሁ ይመደባሉ?

በጥቂቱ። ከ1963 ጀምሮ የሚካሄደው የሙኒክ የጸጥታ ጉባኤ፣ ከ2002 ጀምሮ በሲንጋፖር የሚካሄደው የሻንግሪላ ምክክርና በ2012 በባሕር ዳር የተጀመረው የጣና ፎረም መሪዎች በይፋ ንግግር የሚያሰሙባቸው መድረኮች ናቸው። እውነተኛው ሥራ የሚሠራው በኮሪደሩና በሆቴሉ ክፍሎች ነው። የጣና ፎረም ተሳታፊዎች ኮትና ክራባት ትተው እንዲመጡ መጠየቁም የዚያኑ የኮሪደር መንፈስ ወደ አዳራሹ ለማስገባት ታስቦ ነው።

ከባላንጣ ሀገር ሰዎች ጋር መገናኘት በሕግ አያስጠይቅም?

እንደ ሀገሩ ይለያያል። አሜሪካ በ1799 ያወጣችው የሎጋን ሕግ ያልተፈቀደለት ዜጋ ከውጭ መንግሥት ጋር እንዳይደራደር ይከለክላል፤ በሕጉ የተከሰሱት በ1803 እና በ1852 ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም። በሌሎች ሀገሮች ግን ተሳታፊዎች ሲመለሱ በስለላ ተጠርጥረው የሚታሰሩበት ጊዜ አለ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያሳውቃሉ፤ ሲመለሱም የሰሙትን ያስረዳሉ። ይህ ለጥንቃቄ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የምክክሩ ፍሬ ወደ ወሳኞቹ የሚደርስበት ዋናው ቧንቧ ይኸው ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

እንደ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ያሉ መንግሥታት፣ የግል ፋውንዴሽኖችና አንዳንዴ ባለ ሀብቶች። ገንዘቡን የሰጠው ወገን አጀንዳውን ይመርጣል የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ለጋሹ በሦስት ዓመት ውስጥ «ውጤት» ስለሚፈልግ፣ አሥር ዓመት የሚጠይቅ ምክክር በመካከሉ የሚቋረጥበት ሁኔታ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ዋና ድክመቱ ምንድን ነው?

ተመሳሳይ ሰዎች መዞራቸው ነው። እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ በውጭ የተማሩ፣ ብዙውን ጊዜ ወንዶችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተጓዙ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ፤ በሀገራቸው ግን መንግሥት ከተለወጠ ማንም የማያዳምጣቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የጦርነቱን ወጪ የሚከፍሉት አርሶ አደሮች፣ ተፈናቃዮችና ሴቶች በክፍሉ ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ኃይለኛው ወገን ደግሞ ምክክሩን ጊዜ ለመግዣ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ንግግር አለ እየተባለ መሬት ላይ ያለው ሁኔታ ይለወጣል።

አንድ ምክክር መሳካቱ በምን ይታወቃል?

በመግለጫው ውበት አይታወቅም። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ከተሳታፊዎቹ ውስጥ ኋላ ሥልጣን የያዘ ወይም በይፋው ድርድር የተቀመጠ አለ? በክፍሉ የተረቀቀ ሐረግ፣ ቀመር ወይም የቁጥጥር ዘዴ በመንግሥታት ሰነድ ውስጥ ተገኝቷል? ይፋው ግንኙነት ሲቋረጥ ሰዎቹ መገናኘታቸውን ቀጥለዋል? የዳርትማውዝ ጉባኤ በ1960 የተጀመረው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመትቶ የመሪዎች ጉባኤ በፈረሰበት ዓመት ነበር፤ በኩባ የሚሳይል ቀውስ ወቅትም፣ በኦክቶበር 1962፣ ሁለቱ ወገኖች ለሦስተኛ ጊዜ ተሰብስበው ነበር።